መርፌ ያለፈበት ፍራሽ

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ራሱን ቆረቆር በላው። ፀጉሩ በየቦታው ረገፈ፤ መምህሩም «ይጋባል» ብሎ ከደጅ መለሰው። የሰፈር ልጆች በሩቁ «ቆረቆራም!» እያሉ ጠጠር ይወረውሩበት ነበር። እናቱ መኝታውን ለየች። ታናሽ እህቱ ግን ብትቆጣትም ብትገርፋትም ከወንድሟ ትራስ አልወርድም አለች። ሳይውል ሳያድር ተጋባባትና ሁለቱም ተላጭተው እንደ ቅል ብቅ አሉ። አንዲት ነርስ ክኒንና ቅባት ሰጠቻቸው፤ በሁለት ወር ዳኑ። ቆረቆርም ፈንገስ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ፈንገስ መድኃኒት ይፈራ ነበር።

ካደገ በኋላ የሆስፒታል ልብስ ሰፊ ሆነ። ክፍሉ ከምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ ያልበዋል። መጋረጃውን፣ የበሽተኛ ልብሱን፣ የፍራሽ ላስቲኩን ሠላሳ አራት ዓመት ሰፋ። ስሙ ተረስቶ «ጋሼ መርፌ» ተብሎ ቀረ። «ጋሼ መርፌ መጡ» ሲባል አዲስ በሽተኛ ደንግጦ እጅጌውን ይሰበስባል፤ ነርሶቹም ይስቃሉ። የሚኮራባት አንዲት ነገር ነበረችው፦ «በእኔ ዘመን ፍራሽ አልተጣለም» ይላል። ላስቲኩ ሲቀደድ እራፊ ጥሎ በድርብ ስፌት ይዘጋዋል።

እህቱ ሆዷን ልትቀደድ የገባች ዕለት ፍራሹን የመረጠላት ራሱ ነው። በትከሻዋ በኩል የተቀደደውን ላስቲክ ስፌቱን አጥብቆ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ ሰፋላት። ለእህት ነዋ!

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። የላቦራቶሪው ሰው ደረጃው ላይ አገኘው።

«ፈንገስ ነው ጋሼ። ደሟ ውስጥ ገብቷል። ሁለት መድኃኒት ሰጠናት፤ ሁለቱንም ናቃቸው። ሦስተኛው እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

እዚያው ክፍል ሌሎች አራት በሽተኞችም ያው ነገር ወጣባቸው። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልጋውን፣ ግድግዳውን፣ የበር እጀታውን ሳይቀር በበረኪና አስፈተገች። ናሙና ሲወሰድ ግን ያው ታጥቦ ጭቃ ነው።

እህቱን ለብቻዋ ክፍል አዛወሯት። የተኛችበት ፍራሽ ታጥቦ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተደግፏል። ሰፊው በዚያ ሲያልፍ ቆመና መዳፉን እራፊው ላይ ጫን አደረገ። ከየመርፌው ቀዳዳ ውሃ እንደ ላብ ጠብ ጠብ አለ።

ገባው። በረኪናው ከላይ ይጠርጋል፤ ቀዳዳው ግን የበሽተኛውን ላብና ደም ወደ ውስጥ ሲያጠጣ ኖሯል። ዙሪያውን አየ። ማንም አላየም። እጁን ቢያነሳው ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ነገሩም ያልፋል። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቶታል።

መቀሱን ይዞ ወደ ሲስተር ሄደ።

«ምን ሊሰፉልኝ ነው ጋሼ? ዛሬ ጊዜ የለኝም።»

«መስፋት አይደለም። የሰፋሁትን ላሳይሽ ነው።»

ክሩን ራሱ ተረተረው። ስፖንጁ ጠቁሮ ረጥቧል፤ ሽታው ሲስተርን አፍንጫዋን አስያዛት። የላቦራቶሪው ሰው ቁራጭ ወሰደ፤ በአራተኛው ቀን «እዚህ ነበር ጋሼ» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእህትዎ ግን ከዚህ ይሁን ከሌላ ቦታ፣ የሚያውቅ የለም» አለው። ይህ ማምለጫ በር ነበር፤ ሰፊው ግን በዚያ በር አልወጣም።

ፍራሾቹ ሁሉ ሲፈተሹ ከፊት ከፊት እየሄደ «ይሄ የእኔ ነው፤ ይሄም የእኔ ነው» እያለ ለየ። ሠላሳ አንድ ሆኑ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ራሱን ነቀነቀ።

«ማን ጠየቀዎት? በጡረታዎ ዋዜማ ስምዎን በገዛ እጅዎ ያቃጥሉታል?»

ሰፊው የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዞ ወደ ማቃጠያው ተሸከመ።

ማታውኑ ጓንትና ጭምብል አድርጎ እህቱ ዘንድ ገባ።

«ፍራሹን የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ» አላት።

«አውቃለሁ። ስፌትህ ትከሻዬን ይጎረብጠኝ ነበር።»

«በሽታው ከዚያ ነው የኔ እመቤት።»

እህቱ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«አይ አንተ! ፈንገስ ካንተ ስወስድ ይኼ ሁለተኛዬ ነው። ሦስተኛውን እንግዲህ ለሌላ ሰው ስጥ» አለችና ስትስቅ ሳል ያዛት። እሱ መሳቅ አቃተው። ጭምብሉ ረጠበ።

ሦስተኛው መድኃኒት መጣ። ትኩሳቱ እየወጣ እየወረደ ከብዙ ሳምንት በኋላ ለቀቃት። ከሌሎቹ አራት በሽተኞች ሁለቱ ግን ከአልጋ ሳይነሱ ሞቱ። እህቱ በምርኩዝ ወደ እሱ ቤት ገባች፤ ሲደግፋት ክብደቷ የልጅነቷን ያህል ነው።

የመሰናበቻው ዕለት ሲስተር «ከሥራዎ ሁሉ የትኛው ይበልጥብዎታል ጋሼ?» ብላ ጠየቀችው። የስፌት መኪናውን ሽፋን እያለበሰ ነበር፤ ጨርሶ ተቀመጠ።

«ሥራ እንኳ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ግማሹ ተቃጥሏል። ያን ቀን ግቢ ውስጥ ግን ውሃው ሲወጣ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አይቼ ዝም አላልኩም። ለሁለቱ አልደረስኩላቸውም፤ ይኼን ይዤ ነው የምሞተው። ግን ዝም አላልኩም። በይ አሁን መብራቱን አጥፊልኝ፤ ደክሞኛል።»