ዶሮዋ የበላችው ደም

ይኸውልህ፣ አክስትህ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ምን እንደምትማር ለሰው መናገር አቅቶኝ ነበር። «ባዮሜዲካል ሳይንስ ነው የደረሰኝ» አለችኝ በስልክ። ቃሉን ልያዘው ብል አፌ ላይ አልረጋ አለኝ።

«ሐኪም ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«አይ እምዬ፣ ሐኪሙ ሰውየውን ያያል፤ እኔ የሰውየውን ደም አያለሁ።»

ደስ አላለኝም። ደም ማየት ምን ትምህርት ነው? ለጎረቤት ግን «የሐኪም ትምህርት ነው» እያልኩ አወራሁ፤ እልል ተባለልኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ከማርቆስ ደምበጫ በሚኒባስ፣ ከደምበጫ ወዲህ በእግሯ ትመጣለች። መጀመሪያ ዓመት ላይ ያችው ልጄ ነበረች። ሁለተኛው ላይ ግን አይኗ ተለወጠብኝ። ሰው ሰላም ስትል ፊቱን ትታ ጥፍሩን ታያለች። ሕፃን ካገኘች ታቅፍና የአይኑን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ ውስጡን ትኩር ብላ ታየዋለች። ደም አንሶት እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል አሉ።

«ልጄ፣ የሰው ልጅ ላይ እንዲህ አታፍጥጪ» አልኳት።

«እየተማርኩ እኮ ነው» ብላ ሳቀች።

«አንቺ ትማሪያለሽ፤ እናትየዋ ግን አይንሽን ነው የምታየው።»

ማፍጠጥ እኛ አገር ምን እንደሚያስብል አንተም ታውቃለህ። ቡዳ ያስብላል። ቡዳ አንዴ ከተባልክ ደግሞ አንተ ላይ አይቆምም፤ ልጅህም የልጅ ልጅህም ያው ነው። ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠር ይነሳል። ማዕድ ላይ ሰው ከጎንህ ሸሸት ይላል። እኛ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በዚህ ታምተን አናውቅም። እኔ የምፈራው ይኼንኑ ነበር። እሷ ፈተናዋን ነበር የምትፈራው።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ጥቅምት ሲጋመስ ለመመረቂያ ጥናቷ መጣች። መርፌና ጥጥ፣ ደግሞ ጣት የሚያህሉ ስስ መስታወቶች በካርቶን ይዛ። ከሰው ጣት ጠብታ ደም ወስዳ፣ መስታወቱ ላይ ቀብታ፣ አድርቃ፣ ማርቆስ ወስዳ በማይክሮስኮፕ ወባ ይኑርበት አይኑርበት ልታይ ነው። ፈቃድም ይዛለች። ሰዉ ግን ሸሸ።

«ደማችንን የት ልትሸጭው ነው?» ይሏታል።

«የኔን ብትወስጂ ጠላ ነው የምታገኚው» አለ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጣቱን የዘረጋ ግን የለም።

መጀመሪያ እሺ ያለችኝ የአጥር ጎረቤቴ ናት። አንዲት ሴት ልጅ ነው ያለቻት፣ ስንቱ ጨንግፎባት፣ ስንት ተስላ ያገኘቻት። እሷና ባሏ ልጅቱን ይዘው ቆላ ወርደው ሰርግ በልተው የተመለሱ ሰሞን ነው።

«ለአንቱ ልጅ ስል ነው እትዬ» አለችኝ። «ለሌላማ ጣቴን አልሰጥም።»

እኛ ደጅ ተቀምጠው ተወጉ። መጀመሪያ ልጅቱ፣ ከዚያ እናትየው። አክስትህ መስታወቶቹን ፀሐይ እንዲያገኛቸው በር ላይ ካለው መደብ ደርድራ፣ ወደ ባልየው ዞር አለች። ይኼኔ ጫጩት ያላት ዶሮዬ ዘላ መደቡ ላይ ወጣችና ዳር ካለው መስታወት ላይ ደሙን ትለቅም ጀመር። ያ የልጅቱ ነው።

«እማ! ዶሮዋ ደሜን በላችው!» ብላ ልጅቱ ጮኸች።

እኔ ሳቅሁ። ባልየውም ሳቀ። «ሥጋ ያማራት ዶሮ ናት፤ ለጾም መያዣ ቶሎ እረዷት» አለ። እናትየው ግን አልሳቀችም። አክስትህ ዶሮዋን አባርራ «ሌላ ጣት ስጪኝ የኔ ቆንጆ» ስትል፣ እናትየው የልጇን እጅ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

«አንዴ ተወግታለች፤ ይበቃታል» አለች። ይዛት ሄደች።

አክስትህ የልጅቱን ትታ የባልና የሚስቱን፣ ከሌላም ሰው ያገኘችውን ይዛ ማርቆስ ተመለሰች። ብዙም አልቆየ፣ ልጅቱ ታመመች። አንቀጠቀጣት፣ ከዚያ እንደ ምጣድ ጋለች፣ ከዚያ መለፍለፍ ጀመረች። እኔ በአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ጨርቅና ሥር አጭሰው ያጥኗታል፤ ጭሱ እኔ ግቢ ድረስ መጥቶ ያስነጥሰኛል። «ማነህ? ከየት ነው የያዝካት?» ይላሉ።

«ዶሮዋ» ትላለች ልጅቱ። «የእማማ ዶሮ። ዶሮዋ ናት።»

እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ባልየው መጣ። ሰላም አላለኝም። «ዶሮዋን» አለ። ይዤ ሰጠሁት። ጫጩቶቹ እየተንጫጩ ተከተሉት። አርዶ፣ ሰው ሳይቀምሳት፣ ገደል ጣላት። እንግዲህ እግዜር ሲፈርድብኝ፣ የዚያን ቀን የልጅቱ ትኩሳት ለቀቃት! ተነስታ እህል ቀመሰች። መንደሩ ሁሉ «አያችሁ?» አለ። እኔም ተመስገን አልኩ፤ በዶሮ ካለቀ ይለቅ ብዬ። የወባ ነገር እንዲህ መሆኑን፣ አንድ ቀን ለቆ አንድ ቀን እንደሚመለስ፣ ማን ነግሮኝ?

ተመልሶ ያዛት። ከፊተኛውም ባሰ፤ አይኗ ወደ ላይ ሄደ። ይኼኔ ወሬው ተለወጠ። ዶሮዋ ምን ታውቃለች፣ የላኳት ናቸው ተባለ። ልጅ እያቀፈች አይን ውስጥ ስትመለከት የከረመችው ማን ናት? ደም ቀድታ የሄደችውስ? ወንዝ ወርጄ ውሃ ልቀዳ ስል ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ተነሱ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አክስትህ ደረሰች። ከደምበጫ እየሮጠች መጥታ ነው መሰለኝ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እምዬ፣ የአባትየው ደም ውስጥ ወባ አየሁ። አብረው ነው ቆላ የወረዱት። ልጅቱ እንዴት ናት?»

ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ሳትቀመጥ ጎረቤት ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ልጅቱ በር ላይ ቁርበት ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ወባ ነው!» አለች አክስትህ። «ዛሬውኑ ማርቆስ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ባንተ ደም ውስጥ በአይኔ አይቼዋለሁ።»

«በኔ?» አለ ባልየው። «ከትናንት ወዲያ በሬ ጠምጄ የዋልኩት ሰውዬ ነኝ ወባ ያለብኝ?»

«አንተ ትችለዋለህ፤ እሷ ሕፃን ናት!»

«ደማችንን ወስደሽ ደግሞ በሽታ ታወጪበታለሽ?» አለች አንዷ ከኋላ።

እናትየው ተነሳች። እየጮኸች ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «እህቴ፣ የልጄን ደም መልሽልኝ። እንትፍ በይባትና ልቀቂያት። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላው ራሱ መጥቶ ሲተፋበት ነው ይባላል። ከተፋህ አመንክ ማለት ነው። ካልተፋህ ገደልክ።

«አልተፋም» አለች አክስትህ። «ውሸት ነው። አንሷትና እንሂድ።»

«ሳትተፊባት ከዚህ ግቢ አትወጣም» አለ ባልየው። ዱላውን ቀየረ፤ ከግራ እጁ ወደ ቀኝ። ሌሎቹም ወንዶች በሩን ዘጉ።

ልጅቱን አየኋት። ጎኗ ከፍ ዝቅ ማለቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። አክስትህን አየኋት። ገና ያልተዳረች፣ ገና ያልተመረቀች። እሷ ከተፋች ስሟ ማርቆስም ይከተላታል። ወደ ፊት ወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዶሮዋም የኔ፣ አይኑም የኔ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። እተፋላችኋለሁ፤ ግን ቃሬዛው አሁን ይዘጋጅ። ተፍቼ ምራቄ ሳይደርቅ ትነሳ።»

«እምዬ አታድርጊው!» አክስትህ ክንዴን ያዘችኝ። «ይኼን ካደረግሽ እኔ ምን ተማርኩ?»

«ልቀቂኝ» አልኳት።

ባልየው ሰዎቹን አየ። «ቃሬዛ አምጡ» አለ።

አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። እንደምንም ሰብስቤ ልጅቱ ፊት ላይ እንትፍ እንትፍ አልኩ። ቀና ስል ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሽቷል። እናትየዋ ነበረች ያልሸሸችው፤ ልጇን ታቅፋ አይኗን ከኔ መልሳለች። አብረን ስንት ጊዜ ያረምን፣ አብረን ያለቀስን ሴት ናት።

ደምበጫ በቃሬዛ፣ ከዚያ ማርቆስ በመኪና። ሆስፒታል ያው ወባ ተባለ፤ ጭንቅላቷ ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው አሉ። በመርፌ በጉሉኮስ ተረፈች። አባትየውም ኪኒን ተሰጥቶት በድብቅ ዋጠ። መንደር ሲመለሱ ግን ማን ስለ መርፌ ያወራል? በምራቄ ነው የዳነች። ተፍታ አዳነቻት፤ የበላችው እሷ ባትሆን እንዴት ታድናታለች? አለቀ።

አክስትህ ጥናቷን ጨርሳ ተመረቀች። ድግስ አዘጋጀሁ፤ ከመንደሩ የመጣ አልነበረም። ወጡ ለውሻ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም ብልህ ይቀላል። አሁንም «እውነቱን አምጥቼ ነበር፣ አንቺ ተፋሽበት» ትለኛለች። ልክ ናት። ልጅቱ ግን በሕይወት አለች።

እኔ ለራሴ አልጨነቅም። ማህበር ላይ ዋንጫዬ ለብቻ ይታጠባል፤ ለምጄዋለሁ። አሁን የሚጨንቀኝ የእህትህ ነገር ነው። ሽማግሌ ልከው፣ ቀን ቆርጠው፣ ጨዋታ ተጫውተው የሄዱት ሰዎች ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ባለፈው ቅዳሜ ደምበጫ ገበያ ላይ ሊያገባት የነበረውን ልጅ አባት አየሁት። ከጎረቤቴ ባል ጋር ቆሞ ያወራል። እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን ቆርጠው ተለያዩ። እህትህ «ለምን ዘገዩ?» ትለኛለች፤ አጨዳ ይዟቸው ነው እላታለሁ። አጨዳው ካለቀ ሰንብቷል።