የትሩፋት ምትክ

ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ሰው «ምትኬ» ብሎ ይሰይማል፤ የጠፋብኝን ተካሽልኝ ማለቱ ነው። ለወላጅ መጽናኛ ነው። ለተሸካሚዋስ? ምትኬን ጠይቋት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ተነስቶ በሄደበት ወንበር ላይ የተቀመጠች ይመስላታል።

ከእሷ በፊት የተወለደችው ትሩፋት በሕፃንነቷ ነው የሞተችው። እናታቸው እማማ ወጋየሁ፣ ምትኬ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ አንድ ነገር ሲያስጠነቅቋት ኖረዋል፤ በእህትሽ ስም ማንም ቢጠራሽ አቤት እንዳትዪ፣ የተካሽው ቦታዋን እንጂ ስሟን አይደለም፣ ስሟን ከነካሽ ያንቺን ትወስዳለች ይሏት ነበር። በቤታቸው ትሩፋት የሚል ቃል ተነስቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

አሁን ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ሁለቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ምትኬ ልብስ ትሰፋለች፤ እማማ ወጋየሁ ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ይዘዋል። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ግን ጉድ መጣ። ጎረቤት የሚገነባው ሕንፃ ሠራተኞች ለምሳ ወጥተው ሰፈሩ ጭጭ ሲል፣ አሮጊቷ «ትሩፋት!» ብለው ይጣራሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ግቢው አቁመው ፈገግ ይላሉ። እህልም እምቢ አሉ፤ እሷ መጥታ ታጉርሰኝ ነው መልሳቸው። ምትኬ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ ወይ ፍንክች! እናቷ ዓይኗ እያየ በረሃብ ሊያልቁባት ነው። ደግሞም ቀናች፣ ምን ይደበቃል። የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው እሷ፤ የሚጠሩት ያቺን።

አንድ ቀን አንጀቷ አልቻለም። ጥሪው እንደተሰማ ሳህኑን ይዛ ገባችና ድምጿን አቅጥና «አቤት፣ እማዬ» አለች።

እማማ ወጋየሁ ፊቷን ዳበሱ። «መጣሽልኝ፣ ትሩፋት?»

«መጣሁ።»

በሉ። እስኪጠግቡ በሉ። ፀጉሯን እየዳበሱ የኔ ዓለም፣ የኔ ሆድ አሏት። እንዲህ በስስት ነክተዋት አያውቁም፤ ምትኬ እንባዋ መጣ፣ ደስም አላት። እናቷ ከሞት ተረፉላት።

ሳህኑን ይዛ ልትነሳ ስትል አሮጊቷ እጇን ለቀቁና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ያቺ ልጅ ደግሞ የት ሄደች? ምትኬ!»

እዚህ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ውጭ ማንም የለም። ከዚያው ከግቢው ግን ሕፃን ልጅ «አቤት፣ እማዬ» አለች።

«ነይ ግቢ» አሉ እማማ ወጋየሁ።