የመምህር ሽባባው ናሙና

ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ የሚያሰማው ድምፅ አልነሳም ብሎ እንደሚያስቸግር የወፍጮ ሞተር ነው፤ ይንተፋተፋል፣ ያጓራል፣ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ከወዲያኛው ዛፍ ሌላው ይቀበለዋል። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ቡታጅራ የተማርን ልጆች ከእንቅልፋችን የምንነቃው በዚያ ድምፅ ነበር። የሚመጣውም ከከተማው ዳር፣ ከሙስሊሞቹ መቃብር፣ ከነዚያ ትልልቅ ዝግባዎች ላይ ነው። ዝግባዎቹን የሚቆርጥ፣ በላያቸው የሚኖሩትንም የሚነካ አልነበረም። መምህር ሽባባው እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ሽባባው ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል ጫማው የሚያበራ ቀጭን ሰው ነበር። ከተማችንን «ይህ በረሃ» ይላታል፤ የዘቢዳር ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ቁልቁል እያየው፣ እሱም ካፖርቱን እንደ ደረበ። በፕሮግራሙ ላይ ሳይንስ የተባለውን ትምህርት ባዮሎጂ ብሎ ካልጠሩለት ያኮርፋል። ሕልሙ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ መዛወር።

ማስተማሩንስ ይችልበታል። ስለ ዶዶ ያስተማረን ቀን ትዝ ይለኛል። መብረር የማትችል፣ ሰው መሸሽ ያለመደች የደሴት ወፍ ነበረች፤ መርከበኞች በዱላ እየደበደቡ ጨረሷት። «አንድ እንኳ ተዉ የሚል ሰው ይጥፋ?» አለና መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። እኛም ለማናውቃት ወፍ አብረን አዘንን። በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ እስከ ጡረታው ድረስ ዶዶን እያለቀሰ ሲያስተምር እንደኖረ ሰምቻለሁ።

ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው ተባለና «በመጥፋት ላይ ያሉ የአካባቢያችን እንስሳት» የሚል ኤግዚቢሽን እንድናሰናዳ አዘዘን። ከቆላው ከቆሼ መንደር የሚመጡት ልጆች ድሮ በአገራቸው ይታይ ስለነበረው ቆርኬ ስለሚባል ቀንዳም የዱር እንስሳ አያቶቻቸውን ጠይቀው መጡ። ሳሌሃ ጉሬዛን መረጠች። አባቷ አቶ ሸረፋ የመቃብሩ ጠባቂ ስለሆኑ ቤታቸው ከዝግባዎቹ ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት እየተቀመጠች፣ ሲወለድ ነጭ የሆነውን ግልገል እናቶቹ እንዴት እየተቀባበሉ እንደሚያቅፉት ትስል ነበር።

ሽባባው ሥዕሎቿን አገላበጠና «ናሙናው የታለ?» አላት።

«ዛፍ ላይ ነው፣ መምህር።»

ክፍሉ ሳቀ። «ናሙና የሌለው ጥናት ወሬ ነው» አለ። «ወሬማ ገበያውም ሞልቶታል። ቦታውን አሳይኝ።»

አቶ ሸረፋ እንግዳቸውን ማር አቅርበው ተቀበሉት። «መምህር፣ እነዚህ የሙታኖቻችን ጎረቤቶች ናቸው። ይዩ፣ ይጻፉ። እንዳይነኩብን ብቻ።»

«ማርያምን! ጫፋቸውን አልነካም።»

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መምህሩን ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ። አንዱ ከተነካ ትምህርት ቤቱን ደግመሽ አታይውም።» አቶ ሸረፋ ያሉትን የማያጥፉ ሰው ነበሩ።

አርብ ጁምዓም ገበያም ነው። በሶላቱ ሰዓት ወንዱ መስጊድ፣ ሴቱ ገበያ ይሆንና መቃብሩ ያለ ሰው ይቀራል። ሽባባው ከተማዋን ቢንቃትም ይህቺን ሰዓቷን አሳምሮ አጥንቷታል። የአከራዩን ጠመንጃ ተውሶ ሄደ። ተኩሱ መስጊድ ድረስ ተሰማ። ጉሬዛውም እንደ ዶዶዋ ነበር፤ ሰው መሸሽ አልለመደም።

ኢንስፔክተሩ በመጡበት ቀን ክፍሉ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ጉሬዛው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ሆዱ ጭድ፣ ዓይኖቹ የካፖርት ቁልፎች። አንደኛው ቁልፍ ከሌላው ስለሚበልጥ ግራ እንደ ገባው ሰው ያፈጣል። ከሥሩ በሽባባው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «በመጥፋት ላይ ያለ፤ እንጠብቀው» ይላል።

ሳሌሃ የመጣችው ሥዕሎቿን ልትወስድ ብቻ ነበር። ሽባባው ግን የሚያመለክትበትን በትር አስያዛት። «ለጌታው አስረጂ።»

«የኔ ልጅ» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ «እዚያ ጫካ ስንት ቀሩ?»

«የሉም። ከአርብ ወዲህ ድምፃቸውም የለም።»

«ይመለሳሉ» አለ ሽባባው እየሳቀ። «ጦጣ የት ይደርሳል?»

እሷ ወደ እሱ ዞረች። «መምህር፣ አባቴ ዘንድ ሄደው ‹እሷ አታውቅም ነበር፣ እኔ ነኝ› ቢሏቸው፣ እኔም እመለሳለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሽባባውን አዩት። እሱ ጫማውን አየ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የተጠየቀው፤ ያውም እውነት የሆነች። ለዶዶ ያወጣው መሐረብ ከደረት ኪሱ ብቅ እንዳለ ነው።

«የቤት ጣጣ ከክፍል ውጭ» አለ ቀና ብሎ። «አሁን ስለ ጭራው አስረጂ።»

ሳሌሃ በትሩን ጉሬዛው እግር ሥር አስቀመጠች። ሥዕሎቿን ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ነቀለች፤ እኛ አጠገቧ ያለነውን እንኳ ሳታይ፣ ደህና ሁኑ ሳትል ወጣች።