በጾም የተሮጠ ሩጫ

ታላቅ ወንድሜ በዕድሜ የሚበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው፤ በሩጫ ደግሞ ሁልጊዜ በአሥር ክንድ ያህል። ቢቸና ትምህርት ቤት አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በተሮጠ ቁጥር እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ነበርን። ሰዉ «ጎበዝ ናችሁ» ሲለን እኔ የሱ ትርፍራፊ የደረሰኝ ያህል ይቆጨኝ ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ እቀናበት ነበር።

ንጉሡ ከመውረዳቸው አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሁዳዴ መካከል፣ ከሞጣ ልጆች ጋር ውድድር ተዘጋጀልን። አንደኛ የወጣ ብቻ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ይወዳደራል ተባለ። ሁለታችንም ደብረ ማርቆስን አይተናት አናውቅም። ሐሙስ በጭነት መኪና አቧራ ስንቅም ውለን ሞጣ ገባንና አንድ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተኛን።

ሩጫው ዓርብ ጠዋት ነበር። እኛ ቤት በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀመስም። አባታችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ በጾም ነገር ግን ከዳኛውም ይብሱ ነበር።

ጠዋት የስፖርት አስተማሪያችን ገበያው ዳር ካለ ሻይ ቤት ወሰዱንና ለሁላችንም ዳቦና ሻይ አዘዙ። ከሐረር ተመድበው የመጡ፣ የቤታችንን የጾም ሕግ የማያውቁ ደግ ሰው ነበሩ።

«በባዶ ሆድ አይሮጥም፤ ብሉ» አሉን።

ወንድሜ ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ለዘጠኝ ሰዓት ያዝልኝ» አለኝ በጆሮዬ።

እሱ ጾሞ እኔ ከበላሁ ዛሬ እቀድመዋለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የራሴን በላሁ። ቀጥዬ የሱንም በላሁ።

በመጨረሻው ዙር እግሩ ሲከዳው አየሁ። አለፍኩት። አንደኛ ወጣሁና እስኪበቃኝ ጮህኩ፣ ጨፈርኩ። እሱ ሁለተኛ ገብቶ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቆየና መጥቶ ሳመኝ።

«ዳቦዬስ?»

«በላሁት።»

ትንሽ አየኝና ሳቀ።

ቢቸና ስንመለስ አስተማሪያችን አባታችንን መንገድ ላይ አግኝተው፣ ያስደሰቷቸው መስሏቸው፣ ጠዋት ዳቦና ሻይ ጋብዘውን እንደነበር አወሩላቸው። አባባ ቤት ገብተው ሁለታችንንም አቆሙን።

«ማነው ጦሙን የገደፈው? ጦም ገድፎ ያሸነፈ አሸነፈ አይባልም። ደብረ ማርቆስ የጦመው ይሄዳል።»

ወንድሜ እውነቱን ቢናገር ቦታው የሱ ነበር። መናገርም አያስፈልገው፤ ዝም ቢል እንኳ ፊቴ ያጋልጠኝ ነበር።

«ሁለታችንም በልተናል፣ አባባ» አለ።

አባባ ተቆጡ፣ ዱላም አነሡ፤ ለይተው የሚያስቀሩት ስላጡ ግን እኔው እንድሄድ ተዉኝ። ውጭ ስንወጣ ለምን እንደዋሸልኝ ጠየቅሁት።

«ቀድመኸኛል። በአባባ ቁጣ አልቀማህም» አለኝ። ለአንድ ዳቦ ብዬ ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ።

የነፍስ አባታችን ከአባባ ሰምተው ለየራሳችን አርባ አርባ ስግደት አዘዙብን። ሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጎን ለጎን ቆመን ጀመርን። እሱ ላልበላው ዳቦ አንድ ሳያጓድል ይሰግዳል። እኔ ቶሎ ለመገላገል ስጣደፍ ቁጥሩ ጠፋኝና ግንባሬን መሬት ላይ እንዳደረግሁ ማልቀስ ጀመርኩ።

አጠገቤ ሲንበረከክ ሰማሁት።

«ቀስ ብለህ ስገድ» አለኝ፤ «እዚህ የሚቀድምህ የለም።»