የአጎቴን ልጅ ያልደገፍኩበት ምክንያት

የወልቂጤና የቡታጅራ ልጆች የምንገናኝበት አንድ የኢንተርኔት ገጽ ነበር። ገጹን ከፍቶ ያለ ክፍያ ያስተዳድረው የነበረው ሰው ሥራ በዛበትና ተተኪ እንድንመርጥ ጠየቀን። ዕጩው አንድ ብቻ ነበር፤ ጉብሬ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ። የተማረ ነው፣ ሲጽፍም ያምርለታል። አባላቱ እየተከታተሉ «እደግፋለሁ» ይሉ ጀመር።

እኔ ያኔ ወልቂጤ አስተምር ነበር። አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ ለቀረበልን ሐሳብ ሁሉ እጃችንን ማውጣት ለምደናል። ስልኬ ላይ ግን የትኛው አለቃ ያየኛል? «አልደግፍም» ብዬ ጻፍኩ።

ምክንያት ነበረኝ። ለአጎቴ ልጅ ከምርጫው በፊት ለሙከራ ያህል ጽሑፍ የማጥፋት ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ አባል የእንሴኖ በርበሬ ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል ብሎ ለጠፈ። እንሴኖ በርበሬ የምትነግድ ሴት «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ጀምራ፣ በርበሬው እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚፈጭ ዘርዝራ መለሰችለት። ክሱ ገጹ ላይ እንዳለ ቀረ፣ መልሷ ግን ጠፋ። ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ለምን እንዳጠፋው ጠየቅኩት።

«አማርኛዋን አላየሽውም? ገጹን ያሰድባል» አለኝ።

እኔም አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ቤታችን የምንነጋገረው በጉራጊኛ ነበር፤ የእሱም ቤት እንዲሁ። በጣም ተናደድኩ። ስለዚህ ከተቃውሞዬ ሥር እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «እኔ የምደግፈው ሲያጠፋ ምክንያቱን የሚናገር፣ ሲሳሳት ያጠፋውን የሚመልስ፣ የማይወደውንም ሰው የሚያስተናግድ አስተዳዳሪ ነው። እሱን እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።»

በማግስቱ አጎቴ ቤቴ መጣ። ቁጭ እንኳ ሳይል ጀመረ።

«ልጄን በአደባባይ አዋረድሽው አሉኝ።»

«ጋሼ፣ የሠራውን ነው የጻፍኩት። አልሰደብኩትም።»

«ደመወዝ የለው፣ ምን የለው! በነፃ ላገልግል ባለ?»

«በነፃ ስላገለገለ የሰው አፍ ይዘጋል?»

«ደምሽ ነው። አጥፊው በቃ።»

«አላጠፋም፣ ጋሼ።»

ያቀረብኩለትን ውኃ ሳይቀምስ ወጣ። የጻፍኩትን ግን አልነካሁትም።

የአጎቴ ልጅ በብዙ ድጋፍ ተመረጠ። ነገር ግን አንድ ጽሑፍ ባጠፋ ቁጥር «ምክንያቱስ?» እያልኩ እጠይቀው ጀመር። መጀመሪያ ጥያቄዬን አልፎ ሌላ ነገር ይለጥፍ ነበር። ቀስ በቀስ ሌሎችም፣ የእንሴኖዋ ነጋዴም ጭምር፣ አብረውኝ ይጠይቁት ጀመር። ሲሰለቸው ምክንያቱን መጻፍ ለመደ። ወዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጽፍ ነበር።

ለመስቀል አጎቴ አልጠራኝም። ሳልጠራ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ልጁ ነው።

«አሁንም አትደግፊኝም?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ገና ነህ» አልኩት፤ ገብቼም ከአጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።