አሥራ አራተኛው መስመር

የሕንጻው ነዋሪ ሁሉ «እትዬ ስልከኛ» ነው የሚላቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር ደብዳቤ የሚያድለው ሰውዬ ነው፤ እሱም ቢሆን በር አንኳኩቶ የሚጣራው በቅጽል ስማቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ቤት ሠርተዋል። ያኔ ሰው ከሰው የሚገናኘው በእጅ ነበር፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ትልቅ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ገመድ ከአንዱ ነቅለው ሌላው ላይ እየሰኩ ስንቱን ሰው ያነጋገሩ ሴት ናቸው። ሰሌዳው ከተነቀለ ብዙ ዓመት ሆነው። አመላቸው ግን አልተነቀለም።

ከስልክ ቤት ይዘውት የወጡት ሕግ አለ። ቁጥር ለሰው አይነገርም፤ ባለጉዳዩን ማገናኘት ነው። ሰዎች ሲነጋገሩ ጆሮ አይጣልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው እያወራ ገመድ አይነቀልም። ይህችን የመጨረሻዋን የተማሩት በጸጸት ነው። በወጣትነታቸው አንዲት ሴት ከእናቷ ጋር ስታወራ ሰዓቷ አለፈና አለቃቸው «ንቀዪው» ሲሏቸው ነቀሉት። ሴትዮዋ በማግስቱ ስልክ ቤት ድረስ መጣች። አልተቆጣችም። «እናቴ አንድ ነገር ልንገርሽ እንዳለችኝ ነው የተቋረጠው። መልሼ ስደውል ረሳሁት አለችኝ» ብላቸው ብቻ ሄደች። ይህን ሲያነሡ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለወጣል።

እንግዲህ ልጃቸው ቤት ውስጥ ዋይፋይ ስታስገባ ከሁሉ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። ቴክኒሻኑ ራውተሩን ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጦ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲጀምሩ፣ የጥንት የሥራ ጓደኛ ያገኙ ይመስል ጠጋ ብለው አዩት።

«ገመዱስ የታለ?» አሉ።

«ገመድ የለውም እማማ፣ በአየር ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚሰካው?»

«ፓስወርዱን ያወቀ ሁሉ ራሱ ይሰካል» አለና ከራውተሩ ሆድ ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት አሳይቷቸው ሄደ።

ያወቀ ሁሉ ራሱ ይሰካል የሚለው ነገር አልጣማቸውም። ያም ሆኖ አንጀታቸው አይችልምና፣ ምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊ «እትዬ ስልከኛ፣ እስቲ እኛንም ያገናኙን» ሲሏቸው ራውተሩን ገልብጠው ወረቀቷን አሳዩ። ልብስ ሰፊው ለሚስታቸው ነገሩ። ሚስትየዋ ለመላው ደረጃ ነገረች። በወሩ ውስጥ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ሳይቀር በእሳቸው መስመር ፊልም ያይ ጀመር።

ልጃቸው ይህን ስትደርስበት ራሷን ያዘች። ልጅ ሲባል ትንሽ አይደለችም፤ ሠላሳ ሊሞላት ነው። ትሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ኖራለች። ምላሷ ስለት ነው፤ እናቷን ግን ነፍሷን እስክትስት ትወዳቸዋለች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የቤታችንን በር ከፍቶ እንደማደር ነው! ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ፓስወርድ ይዘን መቀመጣችንም ራሱ ሞኝነት ነው።»

ዕለቱኑ ተቀምጣ የመስመሩን ስም ቀየረች፣ ፓስወርዱን ማንም የማይገምተው ረጅም ዓረፍተ ነገር አደረገችው፣ የራውተሩን የውስጥ ገጽ መክፈቻም ለወጠችው። ወረቀቷን ልጣ ጣለች። አዲሱን ፓስወርድ ለእናቷ ብቻ ነገረችና «ለማንም አልናገርም በይ» አለቻቸው። እትዬ ስልከኛም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማሉ።

ሳምንት ሳይሞላ የራውተሩን ገጽ ብትከፍት አሥራ ሦስት ዕቃ ተሰክቷል። የእነሱ ሦስት ነው።

«እማዬ! ምለሽልኝ አልነበር?»

«ምን አደረግሁ?»

«አሥር ሰው ገብቷል እኮ!»

«አልተናገርኩም» አሉ እትዬ ስልከኛ፣ ቅር ብሏቸው። «ስልካችሁን አምጡ አልኩ፣ ዞር በሉ አልኩ፣ በገዛ እጄ ጽፌ መለስኩላቸው። ቁጥር አይነገርም፤ ይገናኛል።»

ልጅ ዝርዝሩን መልሳ አየችው። ፀጉር ቤቱ ከዝርዝሩ ጠፍቷል፤ የቀሩት አሥሩ በሙሉ እናቷ በእጃቸው አንድ በአንድ የሰኳቸው ጎረቤቶች ናቸው። ተቆጥታ ልትጀምር ብላ ሳቋ ቀደማት።

ሳቁ ግን እስከ ሰኞ ነው የቆየው። ሰኞ አንድ ድርጅት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀጠራት። ሥራው የደንበኞችን ጥያቄ ከቤት ሆኖ በስልክ መመለስ ነው፤ ቃለ መጠይቁም በቪዲዮ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከጓደኛዋ ጋር ስትሞክረው ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ጓደኛዋ ፎቶውን ላከችላት፤ የምታዛጋ ጉማሬ ነው የምትመስለው። ላፕቶፗም ካሜራው ታማሚ ነው፤ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ እንቢ ይላል።

«ሐሙስ ጠዋት ፓስወርዱን እቀይራለሁ፣ ሁሉም ይውጣ!» አለች።

«እያወሩ?» አሉ እናት ደንግጠው።

«እያወሩ!»

«እንዲህ አይደረግም። እኔ መስመሩን አስለቅቅልሻለሁ። እያንዳንዱን እጠይቃለሁ፣ ሰው ሆኖ እምቢ የሚል የለም።»

ልጅቱ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ነገር ደረጃ ለደረጃ ለሚዞር ልመና መተው አስፈራት። ሆኖም እናቷ በዚህ ሥራ ቀልድ እንደማያውቁ ታውቃለች። ረቡዕ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣ የራውተሩን ገጽ በስልካቸው ከፈተችላቸው። የተሰካው ዕቃ ስም ይዘረዘራል፤ ሲሠራ አረንጓዴ፣ ሲወጣ ግራጫ ይሆናል። ከጎኑ ምን ያህል መስመር እንደሚጎትት የሚያሳይ ቁጥርና «አግድ» የምትል ቀይ ቁልፍ አለች። ለዕቃው የፈለጉትን ስም መስጠት እንደሚቻል ሲሰሙ እትዬ ስልከኛ መነጽራቸውን አጠለቁ። የልብስ ሰፊውን ስልክ «መቀስ» አሉት፣ ፊት ለፊት ያሉትን የጡረተኛውን አስተማሪ «ጠመኔ»፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን የነርሷን «መርፌ»። የልጃቸውን ስልክ ዝም ብለው «ልጄ» አሉት።

«ቀዩዋን ካልጨነቀሽ አትንኪያት» አለች ልጅ።

«ደግሞ እኔ!» አሉ እናት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ልብስ ሰፊው ስለ ኮሌታ አቆራረጥ የሚያስረዳ ቪዲዮ እያዩ ነበር።

«ለልጄ አንድ ሰዓት መስመር ይልቀቁልኝ» አሏቸው።

«ለልጅዎ ምን ይወጣላት! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም? ሁላችንም እንለቃለን።»

«አንበሳስ ይሰር። ዋይፋይ ላይ ሲያብር ግን የሚያንቀው ልጄን ነው» ብለው አለፉ።

ጡረተኛው አስተማሪ ከማያውቁት ሰው ጋር በስልካቸው ቼዝ ይዘዋል። እትዬ ስልከኛ እንደ ደንባቸው «ይጨርሱ ጋሼ፣ እጠብቃለሁ» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ማን ማሰብ ይችላል? አስተማሪው በአራት እርምጃ ተሸነፉና ስልካቸውን ዘጉ። ሦስተኛ ፎቅም አራተኛ ፎቅም እንዲሁ ሆነ። ነርሷ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ ልትተኛ ነበር፤ ስልኳን ጭራሽ አጠፋችው።

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እትዬ ስልከኛ ኩሽና ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። የልጃቸው ክፍል በር ተዘግቷል። ዝርዝሩን ከፈቱ። መቀስ ግራጫ ነው። ጠመኔ ግራጫ። መርፌ ግራጫ። የድሮው ሰሌዳ ሥራ ሲያበቃ እንዲህ ነበር፤ መብራቱ ተራ በተራ ይጠፋና ክፍሉ ጸጥ ይላል። ደስ አላቸው። የልጃቸው ላፕቶፕም ግራጫ ነው፤ ገና አልከፈተችው ይሆናል አሉ።

ከሥር ግን ከእናትና ከልጅ ስልክ ሌላ አንድ አረንጓዴ አለ። አሥራ አራተኛ። ስሙ የፊደልና የቁጥር ዝባዝንኬ ነው። እሳቸው አልሰኩትም፤ የሰኩትን አይረሱም። ደግሞም ሲጎትት አይጣል ነው፤ ከሁሉም በላይ መስመሩን የያዘው እሱ ነው።

«ማን ልበል?» አሉ ከልማድ፣ ለስልኩ።

ሌባ ነው፣ በማያውቁት መንገድ የገባ ሌባ ነው። ደግሞ ሌባም ቢሆን አሁን ከሰው ጋር እያወራ ይሆናል። ያቺ የጥንት ሴትዮ ትዝ አለቻቸው። ሰዓቱን አዩ፤ አራት ሊሆን ግማሽ ደቂቃ የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጃቸው በየማለዳው ስልኳን ከፍታ «ዛሬም የለም» ስትል የሰሙት ትዝ አላቸው። ቀዩዋን ተጫኗት።

«እማዬ!!»

ጩኸቱ የመጣው ከተዘጋው በር ጀርባ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የሕንጻውን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ የሚያውቁት ሴት፣ በዚያ ማለዳ በገዛ ቤታቸው የገባውን አልሰሙም። የታማሚው ላፕቶፕ ካሜራ ጠዋት እንቢ ብሎ ነበር፤ እናት ደረጃ ለደረጃ ሲዞሩ ልጅ ሮጣ የጓደኛዋን ላፕቶፕ ተውሳ፣ ራሷ ሰክታ፣ ሦስት ጠያቂዎች ፊት ገና «እንደምን አደራችሁ» ማለቷ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

በሩን ከፍተው ሲገቡ ልጅቱ ነጭ ሸሚዟን እንደለበሰች የቆመውን ስክሪን በጣቷ ትወቅጣለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ጮኸ። ጠያቂዎቹ ናቸው። ልጅቱ ፈርታ እጇን ሰበሰበች።

እትዬ ስልከኛ ስልኩን አነሡት። ጀርባቸው ቀና አለ።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ። ድምፃቸው ያ የሠላሳ አንድ ዓመቱ ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ የማይቸኩል፣ ሰው እንዲጠብቅ የሚያደርግ። «መስመሩ ተቋርጧል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። እባክዎ አይዝጉ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ።»

ከወዲያ የአንዲት ሴት ድምፅ «እሺ፣ እንጠብቃለን» አለ።

በሌላው እጃቸው በራሳቸው ስልክ እገዳውን አነሡ። አሥራ አራተኛው መስመር አረንጓዴ ሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ሦስት ፊት ብቅ አለ። «ተገናኝተዋል፣ ይነጋገሩ» አሉ እትዬ ስልከኛ። ስልኩን ዘጉ፣ የልጃቸውን ትከሻ አንዴ ነካ አደረጉ፣ ወጥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ኩሽና ገብተው ቧንቧውን ከፈቱ፤ እንዳይሰሙ። ሦስት ንጹሕ ብርጭቆ ደጋግመው አጠቡ።

ልጅቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወጥታ ኩሽናው በር ላይ ቆመች። እናት ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።

«ነቀልኩብሽ» አሉ። «በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜ ነቀልኩ፣ ያውም የልጄን። ይቅር በይኝ።»

«መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያቺ ስልክሽን ያነሣችው ሴት ማን ናት አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እናቴ ናት አልኩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተሻል ወይ ሲሉኝ ደግሞ አልሠራሁም፣ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከእሷ ስሰማው ነው ያደግሁት አልኩ።» ልጅቱ የእናቷን እርጥብ እጅ ያዘች። «እማዬ፣ እኔ እኮ ያንቺ ሥራ ድሮ የቀረ ነው እያልኩ ስቀልድብሽ ነው የኖርኩት።»

እትዬ ስልከኛ ቧንቧውን መዝጋት ረስተውት ውኃው ይፈስ ነበር።

ሥራውን አገኘች። በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ለጎረቤት ሁሉ ለብቻው የእንግዳ መስመር ከፈተችላቸው፤ የቤቱን መስመር አይነካም፣ ፓስወርዱም ሌላ ነው። የእናቷ ወንበር ከራውተሩ አጠገብ ነው፤ የእሷ ጠረጴዛ ደግሞ ከእናቷ አጠገብ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ «እባክዎ አይዝጉ» ስትል እናት ሹራብ ይሠራሉ፤ ሰው ሲያወራ ጆሮ አይጣልምና ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው አዲስ ስልክ ገዝተው በር አንኳኩ። እትዬ ስልከኛ ሊነሡ ሲሉ ልጃቸው በእጇ «ተቀመጪ» አለቻቸው። የያዘችው ደንበኛ እስኪጨርስ ጠብቃ በወጉ ተሰናበተችው፣ ማዳመጫዋን አወረደችና ተነሣች።

«ፓስወርዱን ብቻ ንገሪኝ ልጄ፣ አላደክምሽ» አሉ ልብስ ሰፊው።

«አይነገርም» አለች ልጅቱ፣ እጇን ዘርግታ። «ስልክዎን ያምጡና ዞር ይበሉ። እኔ አገናኝዎታለሁ።»