የዘነቡ መደብ

ልጅ ሳለሁ የማልጸየፈው ነገር አልነበረም። የወተት ስልባቦት፣ ፀጉር የተጠመጠመበት ማበጠሪያ፣ አባቴ ሾርባ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሁሉም ያቅለሸልሸኝ ነበር። እናቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ማርታዬ ንጹሕ ናት፣ ሆዷ ቶሎ ይገለበጣል» እያለች ስታወራ፣ እኔም መጸየፌን እንደ ትልቅ ሙያ ቆጠርኩት። ዛሬ ያቺን አፍንጫዋን የምትነፋ የአሥር ዓመት ልጅ ሳስባት የሚያቅለሸልሸኝ እሷው ራሷ ናት።

ያኔ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ግማሹ ነዋሪ አበሻ በሆነበት የቀይ ጡብ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ወላጆቻችን ሥራ ላይ ስለሚያመሹ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሚቀበሉን ጋሽ ታፈሰ ነበሩ። አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የነበሩ፣ በአብዮቱ ጊዜ የተሰደዱ፣ ያኔ ደግሞ በየማለዳው ክሪስታል ሲቲ ሄደው ፓርኪንግ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። መሸት ሲል አንዲቷን መብራት ያበሩና ሲጋራቸውን ከኤሌክትሪክ ምድጃው ቀይ ጥምዝ ላይ ለኩሰው ወደ በረንዳ ይወጣሉ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ጭሱን ወደ ውጭ፣ ተረቱን ወደ ውስጥ ይልኩልናል። የሚነግሩን ግን የጅብና የጦጣ ጨዋታ ሳይሆን የጥንት ግሪኮች በአደባባይ እያሳዩ ይላቀሱበት የነበረውን ታሪክ ነበር።

በዚያ ዓመት ጾሙ ሊፈታ ሲል የያዙት ተረት ስለ አንድ ንጉሥ ነበር። ገና ሲወለድ የሚያስጠላ ነገር እንደሚሠራ ተነግሮበታል። ያን ላለመሥራት የኖረበትን አገር ጥሎ ይሸሻል፣ የሸሸበት መንገድ ደግሞ ቀጥ አድርጎ እዚያው ያደርሰዋል። ከዓመታት በኋላ በነገሠበት ከተማ ወረርሽኝ ይገባል፤ ከተማዋን ያረከሰ አንድ ሰው አለ ይባላል፤ ንጉሡም ፈልጌ አወጣዋለሁ ብሎ ይምላል። እውነቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ተው ቢለው ይሰድበዋል። ጋሽ ታፈሰ እዚህ ላይ ሲያቆሙ የሚፈለገው ንጉሡ ራሱ መሆኑ ገብቶኝ ነበር። አላዘንኩለትም።

«ዝም ቢል ማን ያውቅበታል?» አልኳቸው።

«እሱ ያውቃላ» አሉኝና ሲጋራቸውን አጠፉ።

የፋሲካ ዋዜማ የሕንፃው ሰዎች ቨርጂኒያ ገጠር ካለ እርሻ በሬ አሳርደው ቅርጫ ገቡ። ሥጋው በአንዱ ሰው ጋራዥ ውስጥ ፕላስቲክ ላይ ተመደበ፣ ዕጣ ተጣለ። ዘነቡ ሥራ ላይ ስለነበረች ዕጣ ያወጣችላት እናቴ ናት። ዘነቡ ዲቪ ደርሷት ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ሦስተኛ ፎቅ ከአቶ ግርማ ቤት ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍለው ያከራዩዋት ወጣት ነበረች። እትዬ ስላት «ኧረ አታስረጂኝ!» ብላ ጉንጬን ትቆነጥጠኛለች። ፎልስ ቸርች ከተማ ፈረንጆች ቤት ልጅ ትጠብቅ ነበርና አብዛኛውን ሳምንት እዚያው ታድራለች።

እናቴ የዘነቡን መደብ በፌስታል ቋጠረች፣ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችበት፣ በእጇ ጽሕፈት «ዘነቡ» ብላ ጻፈችበት። «አሁን ከሥራ ገብታለች፤ ነገ ተመልሳ ትሄዳለች፣ ዛሬውኑ አድርሺላት» አለችኝ።

በሕንፃው ውጭ በኩል ያለው ደረጃ ላይ ስደርስ ፌስታሉ ቅልጥሜን ነካኝ። ለብ ያለ ነበር። ደም ወደ ካልሲዬ ሲወርድ ሳየው ጉሮሮዬ ድረስ መጣብኝና ወደ ላይ መውጣቴን ትቼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ዘነቡ ለሥራ ስትሄድ የምትጎትታት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ቆማለች። ፌስታሉን ከጋሪዋ ሥር፣ ከጨርቆቹ በታች ወሸቅኩት። ነገ ስትሄድ ታገኘዋለች ብዬ ነው። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩና ለእናቴ «ሰጠኋት» አልኳት፣ ከዚያ በኋላ ነገሩን ከአእምሮዬ አውጥቼ ጣልኩት። በማግስቱ ግን ዘነቡን አቶ ግርማ በመኪናው ራይድ ሰጥቷት ኖሮ ጋሪዋን ሳትነካ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሕንፃው ይሸት ጀመር። በአራተኛው ቀን በየበሩ የሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ተለጠፈ፤ ሽታው ካልጠፋ እያንዳንዱ ቤት ይፈተሻል ይላል። የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሰዉ ሁሉ ጋሽ ታፈሰ ቤት ተሰበሰበ። ዘነቡም ከሥራ እንደተመለሰች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ኢንስፔክት ካደረጉን አለቀልን» አለ አቶ ግርማ። «የኪራይ ሊዙ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ያላስገባ ማን አለ?»

ሁሉም አቀረቀረ። እኔ ግን በልቤ አጥፊውን ፈልጌ አወጣለሁ ያለውን ንጉሥ ሆኜ ነበርና ብድግ አልኩ። «ዘነቡ ናት! መጋረጃዋ ውስጥ ቋንጣ ሰቅላለች፣ አይቻለሁ!»

«ተዪው የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «እኔ ነገ በጠዋት እፈልገዋለሁ።»

«አሁን ነው መፈለግ ያለበት!»

ሄደው አዩ። ቋንጣው ደረቅ፣ ንጹሕ ነበር። ዘነቡ በእፍረት ፊቷ ቀልቷል። ዝም ብል ኖሮ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ እኔ ግን «ጋሪም አላት፣ ታች ነው!» ብዬ ፊት ፊታቸው ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። ምድር ቤት ሊደርስ ሦስት እርከን ሲቀረው ሽታው ፊቴን መታኝ፣ ያኔ ያ ለብ ያለ ነገር ቅልጥሜ ላይ ትዝ አለኝ። መቆም ፈለግሁ። ከኋላዬ ሰው ነበረ።

አባቴ ጨርቆቹን ገለጠ። ፌስታሉ ተነፍቶ፣ ውስጡ ትል ይርመሰመስ ነበር። ፕላስተሩ ላይ የእናቴ ጽሕፈት ሳይደበዝዝ ይነበባል።

«እኔ አልተቀበልኩም» አለች ዘነቡ። «ረስተውኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሥጋዬስ ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማርታ፣ ሰጠሻት አይደል?»

«በእጇ ነው የሰጠኋት» አልኩ። እንዲያምኑኝም ጨመርኩበት፣ «ታንክ ዩ ብላኛለች።»

ዘነቡ አልጮኸችም። «ኧረ ማርቲ?» ብቻ አለች። የልጅ አፍ አይዋሽም ብለው፣ ይልቁንም እሷ ብትሆን ለሁሉም ይቀላልና፣ አዋቂዎቹ በአንድ አፍ ፈረዱባት። እሑድ ዕለት የአቶ ግርማን ቤት ለቅቃ ሻንጣዋን ተሸክማ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። እናቴ መስኮቱን ከፍታ «እፎይ፣ አየሩ!» አለች።

ከዚያ ሰሞን በአንዱ ቀን ጋሽ ታፈሰ የተረቱን መጨረሻ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። ንጉሡ እውነቱን ሲያውቅ በገዛ እጁ ዓይኖቹን አጠፋ፤ ደም በጢሙ እየወረደ ሕዝቡ ፊት ወጥቶ «እኔ ነኝ» አለ። እኔ ምንጣፋቸው ላይ አስመለስኩ። ተንበርክከው በእጃቸው ሲያጸዱ ፊታቸው ምንም አልተኮሳተረም። «ቅዳሜ ዕለት በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ ፌስታሉን ይዘሽ ስትወርጂ አይቻለሁ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። ሌላ ተረት ነግረውኝ አያውቁም።

እኔ እስክናገር ጠብቀው ይሆናል። ለብዙ ዓመት ይህን እንደ ትልቅነት ቆጠርኩላቸው። አሁን ግን እሱም ያንገሸግሸኛል። የተማረ ሰው ለአንዲት ልጅ ትምህርት እንዲሆን ብሎ ሴትዮዋ ጎዳና ስትወጣ ዝም ይላል?

ጋሽ ታፈሰ ከሞቱ ቆይተዋል። እኔ አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት እዚያው አንድ አበሻ ሱቅ ሥጋ ለማስቆረጥ ተሰልፌ ሳለ አንዲት ሽበት የጀመራት ሴት ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ማርቲ አይደለሽም? እኔ እኮ ዘነቡ ነኝ!»

ሳመችኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ከዚያም እጇን ከትከሻዬ ሳታነሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስንት ዓመት አሰብኩት መሰለሽ። ያኔ ደብል ሺፍት እየሠራሁ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ሰጥተሽኝ ረስቼው ነው እንጂ ልጅ እንዴት ይዋሻል? በልቤ ውሸታም ብዬሽ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ሥጋ ቆራጩ «ቀጣይ!» አለ። የሥጋው ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ጋሪሽ ውስጥ የወሸቅኩት እኔ ነኝ። አንቺ አላየሽውም።»

እጇን አነሳች። መዳፏን ለአፍታ አየችው፣ ከዚያ በቀሚሷ ጠረገችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ወረፋዋን ትታ ወጣች።

ከጋሽ ታፈሰ ተረቶች ብዙውን ረስቻለሁ፤ ስሞቹን፣ ከተሞቹን፣ ማን ማንን እንደወለደ። አንድ ነገር ግን ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። ንጉሡ «እኔ ነኝ» ብሎ ሕዝቡ ፊት ሲቆም አጠገቡ የነበረ ሰው ምን አደረገ? አልነገሩኝም ነበር። አሁን አይቼዋለሁ።